ሌላ አስተያየት ካለ

ከሊዝቦን የመጣው ልጅ፣ ቅጹን ፊቴ ዘረጋና፣
«ዶና ዴኦሊንዳ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ነበርሽ አሉኝና፣
የማን አገር አለቃ ይበልጣል? የማንስ ያንሳል?
ከአንድ እስከ አሥር ስጪልኝ፤ ግራፉ ከዚያ ይነሳል።»

ማሪኛ ግራንዴ ነው ይሄ፤ ብርጭቆ የሚነፋበት፣
ምድጃው በፋሲካም በገናም የማይጠፋበት።
አንዴ ከቀዘቀዘ ብርጭቆው ሆዱ ውስጥ ይደርቃል፤
ይሄን ሳያውቅ የመጣ አለቃ፣ በሳምንቱ ያውቃል።

መጀመሪያ ሴኞር ባልታዛር ነበር፣ የራሳችን ሰው፣
ድምፁ ከምድጃው ቤት ወጥቶ ሰፈሩን የሚያምሰው።
ሰኞ ያባረረውን ማክሰኞ በስሙ ይጠራል፣
የልጆቻችንን ጥርስ ሳይቀር ይቆጥራል።
ልጁ «አምባገነን» ብሎ ጻፈ።
የፊርሚኖ አባት የተቀበረበትን ሳጥን ማን እንደከፈለ
ልነግረው አሰብኩና፣ አለፈ።

ቶርኬል ከስዊድን መጣ፤ የቢሮውን በር ነቅሎ፣
ትሪ ይዞ ተሰልፎ፣ ሾርባውን እንደኛው ተቀብሎ።
«አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ሲል ጠራጊዋን፣ መዛኟን፣ እኔን፣
ስብሰባ ስብሰባን ወልዶ፣ ሳንወስን አስመሸን ቀኑን።
የመጨረሻው ውሳኔ ግን፣ መቼ እንደተወሰነ
እስከዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ አንድ ቀን፣ ሆነ።

ከናጎያ ኩራሞቶ፤ ከጎህ ቀድሞ የሚገባ፣
ስባሪ ከወለል ለቅሞ መሀረቡ ውስጥ የሚያገባ።
«አስቸጋሪ ነው» ካለ እምቢ ነው፤ ትርጓሜው ሰባት ወር ፈጀብኝ፤
ያለ ዐሥራ አንድ ማኅተም የማትወጣ ወረቀት መሳቢያዬን ሞላችብኝ።
ልጁ «በስምምነት» ብሎ ጻፈ፤ ደስ አለው፤ ሣጥኑ ሞላ።
ይሄንንም ጻፍ አልኩት፦ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣
ቢሮው በር ስለሌለው ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ፣ በስልክ ጮኸባቸው፤
የገዛ አለቆቹን፣ በገዛ ቋንቋው። ቃሉን ባላውቅም ገባኝ ምን እንዳላቸው።
ስለ ሦስተኛው ምድጃ ነበረ።
ሲወጣ ክራቫቱ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ሻይ ጠየቀኝ።
በዓመቱ ተዛወረ።

«ይሄ የት ዐምድ ይገባል?» አለ።
«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ዐምዱ ያንተ ነው፤ ቦታ ካለ።»

ከሮተርዳም ማራይከ መጣች፤ ነገር የማትጠቀልል፣
«ይሄ ደብዳቤሽ ረዝሟል፤ ያኛው ስህተት ነው» የምትል፣
ቃሏ እንደ ንጋት ውኃ ፊት ላይ የሚደፋ፤
የሚባለው ሁሉ ፊት ለፊት ተብሎ አልቆ፣ ሐሜት ከፋብሪካው ጠፋ።

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ሦስተኛው ምድጃ ፊት፣
ጠበቅናት፣ መቶ አርባ ሰው፤ ወጣች ከሳጥን ላይ፣ በእጇ አንዲት ወረቀት።
«ቦርዱ በወሰነው መሠረት፣ ይህ ምድጃ ከዛሬ...»
አንገቷ ሥር ቀላ። ምራቋን ዋጠች፣ ድርቅ ብሎባት እንደ ጥሬ።
ከዚህ አላለፈችም፣ ያቺ ቀጥተኛ ሴት።
እሳቱ ብቻ ያጉረመርማል።

ያኔ ፊርሚኖ፣ አርባ ዓመት ጉንጩ የነፋ፣
ቧንቧውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ፤
«ይቅር» አላት።
አንድ ቃል። ምድጃው ይቅር ማለቱ ይሁን፣
ወይስ እሷን ይቅር ማለቱ፣ አልጠየቅነውም፤ ሁለቱንም ይሁን።

ልጁ ሰዓቱን አየ፤ ባቡሩ ደርሷል።
«ይሄ ፊርሚኖ የየትኛው አገር ሥራ አስኪያጅ ነበር?»
«ብርጭቆ ነፊ ነበር። ጡረታ ወጥቷል።»

የቁጥሩን ቦታ ሁሉ ባዶ ትቼ ፈረምኩለት፤
ከታች፣ «ሌላ አስተያየት ካለ» በሚለው ሥር ግን፣
«ቶርኬል የነቀለው በር እስካሁን አልተመለሰም፤
በክረምት ይበርዳል» ብዬ ጻፍኩለት።